ቁርስ የተወ ሁሉ ይወፍራልን?

ቁርሱን የሚተው ሰው መወፈሩ አይቀርም ሲሉ አንድ የተከበሩ ጸሐፊ በጋዜጣ ያወጡትን ሐተታ በጥሞና አነበብሁት፤ ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ፍርድ ያለ በቂ አስረጂ በሕዝብ ልቡና ሲተከል ዝም ማለት ለእውነት አለመቆርቆር ስለሚሆን፣ ይህን መልስ ለመጻፍ ተገደድሁ።

ጸሐፊው የተመረኮዙት ቁርስ የሚተዉ ሰዎች ወፍረው በተገኙባቸው የምልከታ ጥናቶች ላይ ነው። መገኘታቸውስ እውነት ነው። ነገር ግን ቁርስ የሚተወው ሰው ሲጋራ የሚያጨስ፣ ሰውነቱን የማያንቀሳቅስ፣ ወይም አስቀድሞ ወፍሮ ለመክሳት ሲል ቁርሱን የተወ ሊሆን ስለሚችል፣ አብረው የታዩትን ሁለት ነገሮች አንዱን ምክንያት፣ ሌላውን ውጤት ማድረግ ከሥርዓተ ምርምር ውጭ ነው።

ሊቃውንቱማ ነገሩን ፈትነውታል። በ2014 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ክብደት መቀነስ የፈለጉ 300 ያህል ሰዎች በዕጣ ተከፍለው፣ ከፊሎቹ ቁርስ እንዲበሉ፣ ከፊሎቹ እንዲተዉ፣ የቀሩትም ስለ ቁርስ አንዳች የማይል የአመጋገብ ጽሑፍ ብቻ እንዲቀበሉ ተደርጎ፣ ከ16 ሳምንት በኋላ ሲመዘኑ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። በ2019 እ.ኤ.አ.ም የ13 ሙከራዎች ውጤት በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ተጠቃሎ ሲቀርብ፣ ቁርስ የበሉት በቀን 260 ያህል ካሎሪ ጨምረው መመገባቸው፣ የተዉትም በአማካይ ግማሽ ኪሎ ያህል ቀለው መገኘታቸው ተገለጠ፤ አጥኚዎቹ ራሳቸው የሙከራዎቹ ጥራት ዝቅተኛ መሆኑን ስላልሸሸጉ፣ እኔም ከዚህ ተነሥቼ ቁርስ ተዉ አልልም።

በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆየውን ምእመን፣ የጾሙ ዓላማ ሌላ ነውና፣ ለአስረጂነት አልጠራውም፤ ማስረጃ የሌለው ስጋት ግን ስለ ምን ይጫንበታል?