«ካንሰር አይደለም» ብቻውን አይበቃም

«ካንሰር አይደለም፤ አይዟችሁ» የተባልን ቀን ቤታችን ከከባድ ጭንቅ ተገላግሏል። እናቴ የኩላሊት ጠጠር ተጠርጥሮ ሲቲ ስካን ስትነሳ፣ ከኩላሊቶቿ በላይ ያሉት ሁለቱም አድሬናል ዕጢዎች መጠናቸው ጨምሮ ጉብ ጉብ ማለታቸው ተገኘ። ጉዳት የሌለው ዓይነት ነው ተባለ፤ ወረቀቱም ቁም ሣጥን ገባ። ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው።

እማዬ ያኔ ሦስት ዓይነት የደም ግፊት መድኃኒት ትወስድ ነበር። ግፊቷ አልወርድ አለ፤ ፖታሲየሟ በየምርመራው ያንሳል፤ ሌሊት ባቷን ሸምቀቅ እያደረገ ያስጮኻታል። ክትትል በሄደች ቁጥር የሚነገራት ግን «እማማ፣ ጨው ይቀንሱ፣ አይናደዱ» ብቻ ነበር። ሴትዮዋ ወጧን ያለ ጨው እየበላች፣ ጥፋቱ የእሷ እየመሰላት ኖረች። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል ማለት አይደለም። አልዶስቴሮን የተባለውን ሆርሞን ከልክ በላይ ካመነጨ፣ ኩላሊት ጨውን ይይዛል፣ ፖታሲየምን ያስወጣል፤ ግፊትም ከፍ ይላል። አሜሪካዊው ሐኪም ጄሮም ኮን ይህን የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ሌላው ሆርሞን ኮርቲሶል ሲበዛ ደግሞ ስኳርና የአጥንት መሳሳት ሊከተል ይችላል።

የአልዶስቴሮኑ ምርመራ የሚጀምረው እሱንና ሬኒን የተባለውን ንጥረ ነገር በደም በመለካት ነው። ለኮርቲሶል ማታ 1 ሚሊግራም ዴክሳሜታሶን ይዋጥና ጠዋት ደም ይሰጣል። በመጨረሻ ሲለካ የእማዬ ችግር አልዶስቴሮን ሆኖ ተገኘ። በሁለቱም በኩል ስለሆነ ቀዶ ሕክምና አላስፈለጋትም፤ ሐኪሙ ስፒሮኖላክቶን የተባለ የቆየ መድኃኒት ጨመረላት። ግፊቷ ወረደ፣ እንቅልፏም ተመለሰ።

ዕጢው ጉብ ያለ ሁሉ ይህ ችግር አለበት አልልም፤ ብዙዎቹ ሆርሞን አያበዙም። ሳይለካ ግን በምን ይታወቃል? የአሜሪካ የሆርሞን ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው መመሪያ ደም ግፊት ያለበት ሁሉ የአልዶስቴሮን ምርመራ ቢደረግለት ይበጃል ብሏል። የእኛ ላቦራቶሪዎች ለሁሉም ሊያዳርሱት ባይችሉ እንኳ፣ ግፊቱ በሦስት መድኃኒት አልወርድ ያለና ፖታሲየሙ ያነሰ ሰው ሊታለፍ አይገባም።

ስፒሮኖላክቶንን ማንም በራሱ እንዳይጀምር፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ፖታሲየምን አደገኛ ደረጃ ላይ ሊያደርስ ይችላል። ለእናት ለአባታችሁ እንዲህ ያለ የሲቲ ስካን ውጤት ከተሰጣችሁ ግን፣ ከሐኪሙ ክፍል ሳትወጡ «ሆርሞኑስ ተለክቷል?» ብላችሁ ጠይቁ።