ያኛው ጎፋ

ማክሰኞ ሐምሌ 16 ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። አሜሪካ ያለችው ልጄ ናት። «እማዬ፣ ደህና ናችሁ? ጎፋ መሬት ተንዶ ሰው አለቀ እየተባለ ነው» አለችኝ፤ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። በቅጡ ሳልነቃ መስኮቱን ከፍቼ ወደ ጎፋ ገብርኤል በኩል ተመለከትኩ። ዝናቡ ያካፋል፣ የመንገድ መብራት በርቷል፣ ውሾች ይጮኻሉ። የተናደ ነገር የለም። «እዚህ ምን ተራራ አለና ነው የሚናደው?» ካልኳት በኋላ ነው የገባኝ። ያኛው ጎፋ ነው፤ ሳውላ ያለችበት፣ ከእኛ ሰፈር ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የሚገኘው።

«እንዲያ ከሆነ ተመስገን» ብላ ዘጋች። እኔም ተመስገን ብዬ ተመልሼ ተኛሁ።

ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወርድ የኮንዶሚኒየማችን ጥበቃ በሩ ሥር ቆሟል። ጃንጥላው ተጣጥፎ ብብቱ ውስጥ ነው፤ እሱ ግን ዝናብ እየመታው ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ያያል። ሦስት ዓመት ሙሉ በር ሲከፍትልኝ፣ የጋዝ ሲሊንደር አራተኛ ፎቅ ድረስ ሲያወጣልኝ አገርህ የት ነው ብዬው አላውቅም ነበር። «ሲስተር፣ የወንድሜ ስልክ አይሠራም» አለኝ። «ወንድምህ የት ነው ያለው?» «ጎፋ።» ሌሊት ያልኩት ተመስገን ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ።

የሆነውን ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ ቢሆንም አንድ ነገር ለማስረዳት ልድገመው። ሰኞ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በተባለው ቀበሌ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ ተዳፋቱ ተንዶ ጥቂት ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ዋጠ። ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት መቆፈሪያና አካፋ ይዞ ሮጠ፤ ያም ያልነበረው በባዶ እጁ ጭቃውን ይምስ ጀመር። ሰው ተሰብስቦ በሚቆፍርበት ሰዓት ሁለተኛው ናዳ ወረደባቸው። ለመርዳት ሮጠው ካለቁት መካከል የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የግብርና ባለሙያዎችና የጤና ባለሙያዎች እንደነበሩ ተነግሯል። ማክሰኞ ዕለት የተገለጸው የሟቾች ቁጥር 229 ነበር፤ 148 ወንዶች፣ 81 ሴቶች። ከዚያም በኋላ ጨመረ። ወንዶቹ ለምን እንደበዙ እኔ ይመስለኛል፤ አካፋ ይዘው የሮጡት ይበልጡን እነሱ ስለሆኑ ነው።

«የጤና ባለሙያዎች» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። እኛ ስንማር መጀመሪያ የምትቆሙበትን መሬት እዩ ይሉን ነበር፤ የተጎዳውን የሚያነሳው ያልተጎዳ ሰው ነውና። ግን በዚያች ጠዋት ጎረቤቱ ከነልጆቹ የተቀበረበትን ሰው «ቆይ፣ መጀመሪያ መሬቱን እይ» ብሎ የሚያስቆመው ማን ነው? እኔስ ብሆን እቆም ነበር? አልቆምም ነበር። ኡኡታ ሰምቶ የማይሮጥ ልጅ ማሳደግም አልፈልግም። በመጋቢት 2015 ፍሬዲ የተባለው አውሎ ነፋስ ማላዊን ሲመታ ብላንታየር ከተማ ላይ ተራራው ሌሊት ወርዶ ሰፈር ቀብሮ ነበር፤ እዚያም አካፋ ይዞ ቀድሞ የደረሰው ጎረቤት ነው። በየትም አገር እንዲሁ ነው።

ሩጫው ካልቀረ ግን አሯሯጡን እንወቅበት። ተዳፋት ላይ ቤት ያላቸው ወላጆች ወይም ዘመዶች ገጠር ያሏችሁ፣ ይህን በስልክ ንገሩልኝ። አንዴ የተናደ ተራራ ጨርሷል ማለት አይደለም። ቀን ከሌሊት የዘነበበት አፈር ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ የታችኛው ሲሄድ የላይኛው መደገፊያ ያጣል። መሬቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ፣ ያዘነበለ ዛፍ ወይም አጥር፣ ድንገት የደፈረሰ ምንጭ፣ ትናንት ይዘጋ የነበረ ዛሬ ግን አልዘጋ ያለ በር ከታየ፣ ሌሊትም ቢሆን ቤቱን ለቆ መውጣት ነው፤ ሲወጣም ወደ ጎን እንጂ ወደ ታች አይደለም። የተቀበረ ሰው ለማውጣት መቆፈር ግድ ሲሆንም ሁሉም አንዴ ጎንበስ አይበል። ጥቂት ጥቂት ሆነው በፈረቃ ይቆፍሩ፣ አንድ ሰው ደህና ቦታ ቆሞ ተራራውን ብቻ ይጠብቅ፣ ሲንቀሳቀስ ይጩህ። ልጆችና ለማየት ብቻ የመጣ ሰው ከቦታው ይራቁ።

ጥበቃችን የዚያኑ ዕለት ማታ ነዋሪው ባዋጣለት ገንዘብ ተሳፈረ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከቅዳሜ ሐምሌ 20 ጀምሮ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ፣ ሰንደቅ ዓላማው ዝቅ ብሎ ተውለበለበ። እኛም ግቢ ልብስ ተሰበሰበ። ከተሰበሰበው ውስጥ ሁለት ባለ ተረከዝ ጫማና ጉልበቱ የተቀደደ ሱፍ አገኘሁ፤ ጭቃ ውስጥ ላለ ሰው። (ማን እንዳመጣው አውቃለሁ፣ አልናገርም።) ብርድ ልብስ፣ ሳሙና፣ ጀሪካን፣ ድስት፣ ሞዴስ፣ ከዚህ ሁሉ ደግሞ ገንዘብ ይሻላል።

ልጁ የተመለሰው ፍልሰታ ከገባ በኋላ ነው። ወንድሙ፣ የወንድሙ ሚስትና ሁለት ልጆቻቸው ሞተዋል። የሰባት ዓመቱ ልጅ የዚያን ዕለት አያቱ ቤት አድሮ ነበርና ተረፈ። ይህን ሁሉ የነገረኝ በሩ ላይ ቆሞ ነው፤ መሐል ላይ መኪና ጥሩንባ ሲነፋ ሄዶ ከፍቶ ይመለሳል፣ ካቆመበት ይቀጥላል። አራት ቀን ቆፍሯል። ወንድሙን በሦስተኛው ቀን በሹራቡ ለየው። ሚስቱን አላገኟትም።

መሐል ላይ አንድ ሰው «ሬሳው በሽታ ሳያመጣ ሁሉንም ባንድ ላይ እንቅበር» ብሎ እንደነበር ነገረኝና «እውነት ነው ወይ ሲስተር?» አለ። ይህን ወሬ እኔም በሥራ ዘመኔ ሁሉ ሰምቼዋለሁ። ልክ አይደለም። በናዳ፣ በጎርፍ ወይም በመሬት መንቀጥቀጥ የሞተ ሰው በወረርሽኝ የሞተ አይደለም፤ አስከሬኑ ወረርሽኝ አይቀሰቅስም። የሚነካው ሰው ጓንት ያድርግ፣ እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ አስከሬኑም ከመጠጥ ውኃ ይራቅ፤ ይኸው ነው። ለማለቀስ፣ ለመለየትና በስም ለመቅበር ጊዜ አለ። ወንድሙን በሹራቡ ለይቶ የቀበረ ሰውና ያላገኘ ሰው ሐዘናቸው አንድ አይደለም፤ ስለ ወንድሙ ሚስት ሲያወራ ዛሬም «ነበረች» አይልም።

በሽታ የሚመጣው ከሞተው ሳይሆን በሕይወት ያለው ሲታጨቅ ነው። በ1977 ዓ.ም. ገና ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ በረሃቡ መጠለያ ሠርቻለሁ። ከረሃቡ ጋር ተባብሮ ሕጻናቱን የፈጀው ኩፍኝ ነበር፤ ከሱ ቀጥሎ ተቅማጥ። አሁንም በጎፋ ከ15 ሺህ በላይ ሰው ከአደጋው አካባቢ መነሳት አለበት ሲባል፣ ከእነዚህ ውስጥ ከ5 ሺህ በላይ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች እንዳሉ ስሰማ የመጣብኝ ያ ድንኳን ነው። የኩፍኝ ክትባት ከምግብ እኩል ይቅደም። የዱቄት ወተት ደግሞ አትላኩ። ንጹሕ ውኃ በሌለበት ጡጦ ሕጻን ይገድላል፤ እናቲቱን አብሏት፣ ጡቷ ይሠራል።

አሁን ወደ እድራችን ልመለስ፤ ይህን ዓምድ ያስጻፈኝ እሱ ነው። ልጁ ከተመለሰ በኋላ ድንኳን ይተከልለት ብለን ለእድሩ ዳኛ ነገርን። ዳኛው ደግ ሰው ናቸው፣ ክፉ አልናገራቸውም። ነገር ግን ደንቡን አወጡት። አባል አይደለም፣ ቀብሩ የተፈጸመው ሌላ አገር ነው፣ ወንድም የሚለውም ለአባል ወንድም ነው። «ዛሬ ለጥበቃ ከተከልን ነገ ለማን እንከለክላለን?» አሉ። አንድ ሰዓት ተኩል ተከራከርን፣ ድንኳኑ ግን ከመጋዘኑ አልወጣም። በጣም ተናድጄ ነው የወጣሁት።

እኛ ሴቶች አግዳሚ ወንበሮቹን አውጥተን የጋራ ማብሰያ ቤቱ ውስጥ ደረደርን። ወንበሩን ደንቡ አይከለክልም። አንዷ ሽሮ፣ አንዷ ዳቦ፣ አንዷ ቆሎና ሻይ ይዛ መጣች፤ እሱ የወንጌል አማኝ ነው፣ እኛ ጾም ላይ ነን፣ ሽሮው ሁላችንንም አስማማ። በር የሚጠብቅለት ሰው በተራ ተመደበ። መጀመሪያ ቀን ምንም አልተናገረም፣ ጎንበስ ብሎ ጣቱን ያያል። በሁለተኛው ቀን ተናገረ፤ ጨረስኩ ሲል እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ማንም «በቃ ተው፣ አታልቅስ» አላለውም፤ ይህን እኔ ነኝ አስቀድሜ ያስጠነቀቅኩት። በነጋታው «ዛሬ ተኛሁ» አለኝ።

ፈረንጆች ለዚህ ብዙ ስም አላቸው፣ ኮርስም ተሰጥቶናል። እኔ ግን መርዶ የሚነገርበትን ሥርዓታችንን አስባለሁ። በማለዳ ነው የሚነገረው፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ሰው በግራ በቀኝ ቆሞ። እዝን ይመጣል፣ ሐዘንተኛው ምን ልብላ ብሎ አያስብም። ይህ ልጅ መርዶውን ያገኘው ከፌስቡክ ነው፤ ጭቃውንና የሚያለቅሱትን ሴቶች በስልኩ እያየ፣ የወንድሙን ቤት ጣራ እየፈለገ። ያልተለቀሰ ሐዘን የት እንደሚሄድ ጤና ጣቢያ የሠራን እናውቃለን። ከስድስት ወር በኋላ ጨጓራዬን፣ ወገቤን፣ ራሴን ብሎ ይመጣል፤ ምርመራው ምንም አያሳይም።

ይህን ስጽፍ አርባው ሊሞላ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። እዚያ አርባ የማያወጣው ይበዛል፣ ጊዜው ግን ለሁሉም ያው ነው። መኪናው፣ ካሜራው፣ እንግዳው የሚጠፋው በዚህ ሰሞን ነው። በመጋቢት 2009 ቆሼ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲሞትም አይተነዋል፤ ያኔም ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ነበር፣ ያኔም ሁላችንም ሄድን፣ ከዚያ ተመልሰን ወደየጉዳያችን ገባን። መስከረም ሲመጣ የቆሼ ልጆች ደብተር የሚገዛላቸው ማን እንደነበር እኔ አልጠየቅኩም።

አሁን ግን ጠይቄያለሁ፤ ያ የሰባት ዓመት ልጅ ሊመጣ ነውና። ልጅቷ ባለፈው ደውላ «እማዬ፣ ጓደኞቼ ከጎፋ ወላጅ የሌለው ልጅ ወስደን እናሳድግ እያሉ ነው» አለችኝ። አይሆንም አልኳት። ቤቱንና እናት አባቱን ባንድ ጠዋት ያጣ ልጅ ቋንቋውንና ዘመዱንም አይጣ። መርዳት የሚፈልግ አያቲቱን ይርዳ። ይሄኛውንም ቢሆን አያቱ ጋ ይቆይ ብዬ ነበር፤ እሷ ራሷ ድንኳን ውስጥ ስለሆነች ነው ለአጎቱ የላከችው። ክረምት ሲወጣ፣ ቤት ስትሠራ ይመለሳል ተባብለናል።

ልጁ ጎፍኛ እንጂ አማርኛ አይችልም። አጎቱ እንደሚለው ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ተነስቶ ጫማውን ያደርጋል፤ አልጋም ማርጠብ ጀምሯል። አልጋውን ሲያረጥብ እንዳይቆጣው ነግሬዋለሁ። ጫማውን አልጋው አጠገብ እንዲያስቀምጥለትም ነግሬዋለሁ፤ ልጁ በዝናብ ሌሊት ጫማውን ማድረጉ ሞኝነት አይደለም። «እናትህ ተኝታለች» ወይም «አሜሪካ ሄደች» እንዳይለው። የተኛች የተባለች እናት እንዳልተነሳች ያየ ልጅ እንቅልፍን ይፈራል፣ የሄደች የተባለችውን ደግሞ በር በተከፈተ ቁጥር ይጠብቃታል። «ሞታለች፣ አንተ ያጠፋኸው ነገር የለም፣ እኔ አለሁ» ይበቃል፤ ደግሞ ደጋግሞ ይጠይቃል፣ ደጋግሞ መመለስ ነው። የቀብር ጨዋታ ከተጫወተም ይተዉት። እናንተም የልጅ ልጆቻችሁ ባሉበት ያንን የናዳ ቪዲዮ አትክፈቱ፤ እኛ ቤት የአምስት ዓመቷ «የእኛ ፎቅም ይናዳል?» ብላ ሦስት ሌሊት አብራኝ ተኝታለች።

እሁድ የእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ነው። በግቢው ተቀጥሮ ለሚሠራ ሰውም ድንኳኑና ወንበሩ እንዲወጣ፣ ከአርባ በኋላ ሐዘንተኛውን የሚጠይቁ ሁለት ሰዎች በስም እንዲመደቡ የሚል ሐሳብ ጽፌ ለጸሐፊው ሰጥቻለሁ። አሥራ አንድ ሰው ፈርሞበታል። ዳኛው አልፈረሙም፤ ግን ትናንት ደረጃው ላይ አግኝተውኝ ለልጁ ትምህርት ቤት ቦታ እንደተገኘለት ጠየቁኝ። ተገኝቷል። ዩኒፎርሙም ተሰፍቷል፣ ትንሽ ሰፋ አድርገን። ጫማውን ብቻ ቁጥሩን ስለማናውቅ ልጁ እስኪመጣ አቆይተነዋል።