«ተዛውረናል» ማለት አይበቃም

አንድ መሥሪያ ቤት ስሙ ይለወጣል፣ አዲስ ዶሜይን ይገዛል፣ አዲስ ድረ ገጽ ያሠራል። በአሮጌው አድራሻ ላይ «ወደ አዲሱ ድረ ገጻችን ተዛውረናል፤ እዚህ ይጫኑ» የምትል አንዲት ገጽ ብቻ ትቀራለች። ሠሪው ክፍያውን ይቀበላል፣ አሠሪውም ሥራው እንዳለቀ ያምናል። እኔ ግን አላለቀም እላለሁ።

ሰው ወደ ድረ ገጽ የሚመጣው በመነሻ ገጹ ብቻ አይደለም። አንዲት ተማሪ ከሁለት ዓመት በፊት በቴሌግራም የደረሳትን የመመሪያ ሊንክ ትከፍታለች እንበል። የፈለገችው ፒዲኤፍ አዲሱ ድረ ገጽ ላይ አለ። የምታገኘው ግን «ተዛውረናል» የሚለውን ማስታወቂያ ነው። ስትጫነው የኃላፊዎች ፎቶ የሚፈራረቅበት መነሻ ገጽ ይከፈትላታል፤ መመሪያውን ከዚያ ወዲያ ራሷ ትፈልግ። በመመረቂያ ጽሑፏ የጠቀሰችው አድራሻም ከእንግዲህ ለአንባቢዋ አይሠራም።

በእኛ አገር ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በ2011 ተቋቁሞ በ2014 በአዋጅ ቁጥር 1263 ፈረሰ፤ ሥራውም ለሌሎች ተላለፈ። መሥሪያ ቤቶች እንዲህ በየጊዜው በሚፈርሱበትና በሚዋሃዱበት አገር አድራሻ በተለወጠ ቁጥር ሰነድ መጥፋት የለበትም።

መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ቋሚ ሪዳይሬክት ይባላል፣ ቁጥሩም 301 ነው። ብራውዘሩ አሮጌውን አድራሻ ሲጠይቅ ሰርቨሩ «ይህ ገጽ ለዘለቄታው እዚያ ሄዷል» ብሎ አዲሱን አድራሻ ይሰጠዋል፣ አንባቢውም ምንም ሳይጫን ይደርሳል። ጉግልም ለአሮጌው ገጽ የሰጠውን ቦታ ወደ አዲሱ ያሻግራል። 302 ግን ጊዜያዊ ማለት ነውና ለዚህ አይሆንም። ሁሉንም አሮጌ ገጽ ወደ መነሻ ገጹ መወርወርም ያው ጥፋት ነው፤ ጉግል ራሱ እንዲህ ያለውን ብዙ ጊዜ እንደሌለ ገጽ ይቆጥረዋል። እያንዳንዱ አሮጌ ገጽ ወደ ራሱ አዲስ ገጽ መሄድ አለበት።

አድካሚ ነው? አዎ። የብሪታንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2012 ድረ ገጾቹን ወደ አንድ አድራሻ ሲሰበስብ የአሮጌ ገጾችን ዝርዝር አዘጋጅቶ እያንዳንዱ የት እንደሚሄድ ወስኗል። ትዊተር እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ ኤክስ አድራሻ ሲዞርም የቀድሞዎቹ ሊንኮች የድሮውን ጽሑፍ መክፈታቸውን አላቆሙም።

«ሰው አዲሱን አድራሻ እንዲለምድ ነው» የሚሉ አሉ። ለዚያ አዲሱ ገጽ አናት ላይ አንድ መስመር ማስታወቂያ ይበቃል፤ አንባቢን መንገድ ላይ ማቆም አያስፈልግም። አሮጌው ድረ ገጽ እንደ ማህደር ሳይነካ የሚቆይ ከሆነ ግን ሊንክ ተገቢ ነው፤ እስማማለሁ።

ከሁሉ የከፋው አሮጌውን ዶሜይን ሳያድሱ መተው ነው። ጊዜው ሲያልፍ ማንም ይገዛዋል። ቁማር አስተዋዋቂም ሆነ አጭበርባሪ በመሥሪያ ቤቱ ስም ይቀመጥበታል፣ ወደ አሮጌው ኢሜይል የሚላከውንም መልእክት መቀበል ይችላል። ለአብዛኛው ዶሜይን ደግሞ የዓመት ማደሻው ለአንድ ተቋም ኢምንት ነው።

ድረ ገጽ የምታሠሩ ኃላፊዎች፣ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ነገር አስገቡበት፦ የአሮጌ ገጾች ዝርዝር ከነአዲስ አድራሻቸው፣ እንዲሁም አሮጌውን ዶሜይን በየዓመቱ የሚያድሰው ክፍል ስም። እነዚህ ሳይሟሉ ክፍያ አትልቀቁ።