የመገናኛ ጥበብና የቡናችን ስም

ንግድ በጥንት ዘመን የዓይንና የእጅ ሥራ ነበረ። ገዢ ዕቃውን ሳያይና ሳይዳስስ ገንዘቡን አይቈጥርም፤ ሻጭም የገዢውን ፊት ሳያይ ዕቃውን አያስረክብም ነበር። ዛሬ ግን በሲዳማ ተራራ የተለቀመውን ቡና በቶኪዮ ወይም በሐምቡርግ የተቀመጠ ነጋዴ አገሩን ሳይረግጥ ይገዛዋል። ይህን ያስቻለው የመገናኛ ጥበብ መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ጥበቡ ገበያውን ስላቀረበ ብቻ ጥቅሙ ለሁሉ በትክክል ይደርሳል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ ለዚህም የቡና ንግድ ታሪክ ራሱ ምስክር ስለ ሆነ፥ ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ መመልከት ይገባል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1866 ከአየርላንድ እስከ ሰሜን አሜሪካ በውቅያኖስ ውስጥ የተዘረጋው የቴሌግራፍ ሽቦ ጸንቶ መሥራት ጀመረ። በ1874 ደግሞ ብራዚል ከአውሮፓ ጋራ በባሕር ሽቦ ተገናኘች። ከዚያ በፊት መርከብ በብዙ ቀን ጕዞ ያደርሰው የነበረው የአዝመራና የዋጋ ወሬ በጥቂት ሰዓት ይደርስ ጀመር። በ1882 በኒው ዮርክ የቡና ገበያ ተቋቋመ፤ በዚያም ነጋዴዎች ገና ከመርከብ ያልወረደውን ቡና፥ እንዲያውም ገና ያልተለቀመውን ይሸጡና ይገዙ ጀመር። ያላዩትን ለመግዛት ያደፈራቸው ሽቦው ብቻ አልነበረም፤ ቡናውን በደረጃ መድበው የደረጃውን መለኪያ በአንድነት ስለ ተቀበሉት ነው። ከዚህም ሁለት ነገር ተከተለ። አንደኛው፥ የዋጋው መወሰኛ ቡናው ከሚበቅልበት አገር ርቆ ተቀመጠ። ሁለተኛው፥ ቡናው በደረጃው ሲጠራ የትውልድ አገሩ ስም እየደበዘዘ ሄደ። መለኪያውን የያዘ ዋጋውን ያዘ፤ ስሙን ያጣ ግን ከሌላው ጋራ ተደባልቆ ተሸጠ።

አባቶቻችን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ያሉት ስለ ሰው ነው፤ ነገሩ ግን ለንግድም ይስማማል። የኢትዮጵያ መንግሥት በ1997 ዓ.ም. ሲዳሞ፥ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የተባሉት የቡና ስሞች በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡለት ለአሜሪካ የምዝገባ መሥሪያ ቤት አመለከተ። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ፤ ከታላላቆቹ ገዢዎች አንዱ የሆነው ስታርባክስም በመጀመሪያ የስሞቹን ስምምነት ለመፈረም አልወደደም። በዚያን ጊዜ ኦክስፋም የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ነገሩን ለዓለም ስላሰማ፥ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች በኢንተርኔትና በሌላም መንገድ ለኩባንያው መልእክት ላኩ። በመጨረሻም በ1999 ዓ.ም. ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው ተፈራረሙ። እንግዲህ አስቀድሞ የትውልድ አገርን ስም ያደበዘዘው የመገናኛ ጥበብ፥ ኋላ ስሙን ለማስከበር አገለገለ። መሣሪያ ለያዘው ሰው ይታዘዛልና፥ ይህ ሊያስደንቅ አይገባም።

በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም በዚሁ ጥበብ ላይ የቆመ ነው። በአዲስ አበባ የሚወጣው ዋጋ በገጠር የገበያ ከተሞች በተተከሉ ሰሌዳዎችና በስልክ ስለ ተነገረ፥ ገበሬው የደላላን ቃል ብቻ ይዞ ከመሸጥ የሚድንበት መንገድ ተገኘ። ሆኖም በ2001 ዓ.ም. ቡና ወደዚህ ገበያ በገባ ጊዜ በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ስለ ተደባለቀ፥ የትኛው ቡና ከየትኛው ገበሬ ወይም ከየትኛው ማጠቢያ እንደ መጣ ለገዢው ማስረዳት አስቸገረ። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይት አዋጅ ምንጩ የታወቀ ቡና የሚሸጥበትን መንገድ አሰፋ።

የምንጭ መታወቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም በ2012 ዓ.ም. በግልጥ ታየ። በዚያ ዓመት ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የተባለው የቡና ውድድር በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተደርጎ፥ ያሸነፉት ቡናዎች በኢንተርኔት ጨረታ ለዓለም ነጋዴዎች ቀረቡ። አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና፥ ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የሚጐድለው አንዱ ፓውንድ፥ ከ180 የአሜሪካ ዶላር በላይ ተሸጠ፤ በዚያው ወራት በኒው ዮርክ ገበያ የአንድ ፓውንድ ቡና ዋጋ ከአንድ ዶላር እምብዛም የራቀ አልነበረም። እርግጥ ነው፥ እንዲህ ያለው ዋጋ ለጥቂት ጆንያ እንጂ ለአገር አዝመራ ሁሉ አይገኝም። ቢሆንም ስሙና ምንጩ የታወቀ፥ ጥራቱም በታመነ ሚዛን የተመሰከረለት ዕቃ በሩቅ ገዢ ዘንድ እንደሚከበር ያስረዳል።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት እንደ አቆጣጠሩ በ2023 ባወጣው ሕግ፥ ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደኑ በተመነጠረ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ከልክሏል። ለዚህም ማስረጃ ቡናው የበቀለበት ማሳ በምድር ካርታ ላይ ያለበት ስፍራ በቍጥር ተለክቶ እንዲቀርብ ያዝዛል። ከ4 ሄክታር የሚበልጠው ማሳ ዙሪያ ወሰኑ ሁሉ መመዝገብ አለበት። ሕጉ የሚፈጸምበት ቀን ቢራዘምም፥ ንግድ ወዴት እንደሚሄድ ያመለክታል። የእኛ ቡና አብቃዮች አብዛኞቹ ትንንሽ ማሳ ያላቸው ገበሬዎች ናቸው። እነርሱ ደን ሳይመነጥሩ በዛፍ ጥላ ሥር ያበቀሉት ቡና፥ ማሳቸው ስላልተመዘገበ ብቻ ከገበያ ቢመለስ፥ ይህ ከጥፋት ሳይሆን ከመዝገብ ጕድለት የመጣ ጕዳት ይሆናል።

ስለዚህ ሦስት ነገር ሊታሰብበት ይገባል። መጀመሪያ፥ የማሳው መዝገብ በእውነት ይጻፍ። አንድ ሹም ያልለካውን ለካሁ ብሎ ቢጽፍ፥ ውሸቱ በተገለጠ ጊዜ የሚረክሰው የእርሱ ስም ብቻ ሳይሆን የአገሩ ቡና ሁሉ ነው፤ ከሰማይ ሆነው ምድርን የሚመለከቱ ሳተላይቶች ባሉበት ዘመን ደግሞ ውሸት ብዙ አይሸሸግም። ሁለተኛ፥ መዝገቡ በአንድ ገዢ ወይም በአንድ ላኪ እጅ ብቻ አይቅር። የማሳውን ማስረጃ ነጋዴው ከያዘው ገበሬው ለሌላ ለመሸጥ ነጻነት ያጣል፤ ማስረጃው ከገበሬው ጋራ፥ ከማኅበሩና ከመንግሥት ዘንድ ሊገኝ ይገባል። ሦስተኛ፥ ገበሬው የሚጻፍበትን ነገር ይረዳ። ማሳውን የሚለካ እንግዳ ሲመጣ ለግብር ወይም ለመሬት ነጠቃ ነው ብሎ ቢፈራ አይፈረድበትም፤ በሕዝብ ዘንድ ቃላቸው የሚሰማ መምህራንና ካህናት ጕዳዩን አውቀው ቢያስረዱት ግን በፈቃዱ ይተባበራል።

ሽቦውን የሌሎች አገሮች ሰዎች ዘረጉት፤ መለኪያውንም አስቀድመው ሠሩት። የቡናው ስምና የማሳው መዝገብ ግን ገና በእጃችን ናቸው። እነዚህን በጊዜው በታማኝነት ያዘጋጀን እንደ ሆነ ሩቁ ገዢ በስማችን ይጠራናል፤ ችላ ያልን እንደ ሆነ ግን ሌላው ለክቶ፥ ሌላው ጽፎ፥ ዋጋችንን ይነግረናል።