«በዚያ እጅሽ ምንም አትንኪ»

ጡቷ በቀዶ ሕክምና የወጣላት ሴት ወደ ቤቷ ስትሸኝ የሚነገራት አብዛኛውን ጊዜ ክልከላ ነው። በዚያ በኩል ባለው እጅሽ ከባድ አታንሺ፣ መርፌ አትወጊበት፣ ደም ግፊት አትለኪበት። ምክሩ ከቅን ልብ የመጣ ነው። በወሎዋ አጅባር ግን ማን ሊፈጽመው? ጀሪካኑን ከምንጭ ሽቅብ የምታወጣው፣ ሊጡን የምታቦካው፣ አረሙን የምትነቅለው እሷው ናት።

ሥጋቱ ከመሬት አልተነሣም። የብብት ሊምፍ ዕጢዎች ሲወጡ ወይም ጨረር ሲያርፍባቸው ከክንድ የሚመለሰው ፈሳሽ መሄጃ ያጣል፤ እጅም ያብጣል። ብብታቸው በሰፊው ከተጸዳ ሴቶች ከአምስቱ አንዷ ገደማ ይህ ይደርስባታል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ስለሆነ ደግሞ ሰፊው ቀዶ ሕክምና የተለመደ ነው።

ይሁንና «አታንሺ» የሚለው ትእዛዝ ሲፈተን ወድቋል። አሜሪካዊቷ ካትሪን ሽሚትዝና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ ሴቶቹ በአሠልጣኝ እየታገዙ ከቀላል ጀምረው ቀስ በቀስ ክብደት እንዲያነሱ አደረጉ። አምስትና ከዚያ በላይ ዕጢ ከወጣላቸው መካከል ክብደት ካነሱት 7 በመቶ፣ ካላነሱት 22 በመቶ እጃቸው አበጠ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የቦስተን ጥናትም 632 ሴቶችን ተከታትሎ ደም መቀዳትንና ግፊት መለካትን ከእብጠት ጋር ሊያያይዛቸው አልቻለም። (ሌላው እጅ ደህና ከሆነ በዚያው መለካት ግን ምንም አያስከፍልም።) እውነተኞቹ ተጠርጣሪዎች ሌሎች ሆነው ተገኙ፦ የብብት መጽዳት፣ ጨረር፣ ውፍረትና የቆዳ ኢንፌክሽን።

ከእነዚህ ውስጥ ይበልጥ በእሷ እጅ ያለው የመጨረሻው ነው፤ ስለ እሱ ግን የሚነገራት ጥቂት ነው። እሾህ ይቧጭራታል፣ ምጣድ ይለበልባታል፣ ማጭድ ይቆርጣታል። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ መሸፈን፣ ቆዳው እንዳይሰነጣጠቅ ቅባት መቀባት ከባድ ትምህርት አይደለም። በምሥራቅ ጎጃም በዝሆኔ እግራቸው ያበጠ ሰዎች ይህንኑ የመሰለ እንክብካቤ ሲሰጣቸው ትኩሳት ያለው ድንገተኛ ሕመማቸው መቀነሱን እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት አሳይቷል። እግርም ሆነ ክንድ፣ ሊምፉ አንድ ነው።

እጇ ድንገት ቀልቶ ሲግልና ብርድ ብርድ ሲላት ግን ሰፈሩ ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ያሽላታል፤ ዋግምት ይምጣ የሚልም አይጠፋ። ያበጠ ክንድን መብጣት ለጀርም በር መክፈት ነው። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ደርሳ ፀረ ባክቴሪያ መጀመር እንዳለባት ከሆስፒታል ሳትወጣ ሊነገራት ይገባ ነበር፤ ለእሷም፣ አብሯት ለመጣው ቤተ ዘመድም።