ስማችን አለ፤ ቁጥራችን የት ሄደ?

ዩኒክሱ ከአሮጌው ኮምፒዩተር ወደ አዲሱ ከተዛወረ ወዲህ እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች የገዛ ጽሑፋችንን መክፈት ተስኖናል። አቤት ስንል «የይለፍ ቃላችሁን ረስታችሁ ነው» ተባልን። ረስተን ቢሆን ኖሮ መች ከደጁ እናልፍ ነበር? ገብተናል፤ የተዘጋብን ጓዳው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩኒክስ የፋይልን ባለቤት የሚያውቀው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። ፋይሎቻችን የድሮ ቁጥራቸውን እንደያዙ ተገለበጡ፤ እኛ ግን እንደ አዲስ ተቆጠርን። 1004 የነበረው ጓደኛችን 1011 ሆነ፤ 1004 ለአንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ተሰጠ። የመመረቂያ ጽሑፉም የዚያ ልጅ ንብረት ሆኖ አደረ፤ ልጁ ቢያሻው ይሰርዘዋል። (ጨዋ መሆኑ በጀን!)

የይለፍ ቃል መለዋወጥ ይህን አያድንም። የአሮጌው ኮምፒዩተር የተጠቃሚዎች መዝገብ፣ «ፓስውድ» የሚሉት፣ ወጥቶ ከአዲሱ ጋር ይመሳከር፤ ፋይሉም ለየባለቤቱ ይመለስ። ጽሑፍ የምናስረክበው ዓርብ ነው።