የ«ኦ» ክፍልን መምህር ማን መረጠልን? ለክቡር የትምህርት ሚኒስትር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሚኒስትር፣

ስለ ሕፃናት መምህራን ጥቂት ጥያቄዎች አቀርብልዎታለሁ። የአንደኛ ክፍል መምህርት ነኝ፤ ከቅድመ አንደኛ የሚወጡትን ልጆች መስከረም ላይ የምንቀበለው እኔና መሰሎቼ ነን።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን መሥሪያ ቤትዎ ሳይሸሽግ ነግሮናል። ምስጋና ይገባዋል። ያ ውጤት ግን በአንድ ዓመት እንዳልመጣ እርስዎም ያውቃሉ። ታዲያ ከሥር ያለው መምህር ማን ነው? በምን ተመረጠ? ምንስ ተማረ?

በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ የቀዳማይ ልጅነት የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ። የ2015ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ቅድመ አንደኛን የሁለት ዓመት እርከን አድርጎ ወደ መደበኛው ሥርዓት አስገባው። ቃሉ መልካም ነው፤ ክፍሎቹም ተከፍተዋል። ነገር ግን በብዙ ትምህርት ቤቶች የ«ኦ» ክፍል፣ ማለትም ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው የዝግጅት ክፍል፣ የሚሰጠው ለሕፃናት ለሠለጠነ ሰው ሳይሆን ሌላ ቦታ ላልተገኘለት ነው። ለአምስት ዓመት ልጅ ማንም ይበቃል ብሎ የፈረደው ማን ነው?

ትዕግሥትና ልጅ መውደድ ይበቃል የሚሉ አሉ። ሁለቱም የግድ ናቸው፤ ግን አይበቁም። አንዲት ልጅ ስሟ ሲጠራ ዝም ትላለች፤ ጓደኞቿ ሲነሡ አይታ ትነሣለች። ያልሠለጠነ ዐይን «ዐይን አፋር ናት» ብሎ ያልፋታል። የሠለጠነች መምህርት ከኋላዋ ቆማ ታጨበጭባለች፤ ካልዞረች ወላጆቿን ጠርታ ጆሮዋን እንዲያስመረምሩ ትነግራቸዋለች። እርሳስ ከማስጨበጥ በፊት ጭቃ ማድቦልቦል፣ ጠጠር መልቀም ጣትን እንደሚያጠነክር ማወቅም ትምህርት ይጠይቃል። እንቆቅልሽ እየጠየቁ፣ ተረት እያስጨረሱ የልጅን አንደበት መፍታትም እንዲሁ።

እኔ ዘንድ የሚደርሱት ልጆች ግን ፊደልን ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በዜማ ይወርዱታል፤ «ለ»ን ነጥዬ ሳሳያቸው አያውቋትም። ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም። በመምህርታቸውም አልፈርድም፤ እርሷም የተማረችው በዚያው መንገድ ነው፤ ሌላ መንገድ ያሳያት የለም። በግሎቹም መዋዕለ ሕፃናት ወላጅ ገንዘቡን የሚከፍለው ለእንግሊዝኛና ለቤት ሥራ ብዛት ሆኗል። የመምህርቷን ችሎታ የሚመዝነውስ ማን ነው?

ክቡርነትዎ፣ ኮሌጆች ለዚህ ሙያ ሠልጣኝ ሲቀበሉ ፍላጎትና ጠባይ ይታያል ወይስ ከሌላው የተረፈ ይላካል? ሠልጣኟ ከመመረቋ በፊት ልምድ ባላት መምህርት አጠገብ ሆና ከሕፃናት ጋር በቂ ጊዜ ትሠራለች? የልጆቹን የቤት ቋንቋ ትናገራለች? የክረምት ሥልጠና ሲታቀድ የ«ኦ» ክፍል መምህርት በየትኛው ረድፍ ትገኛለች? ደመወዟና የእድገት እርከኗስ በሙያው እንድትቆይ ያደርጋታል?

ቅጥሩ የክልሎች ነው ይሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። መስፈርቱን የማውጣት ኃላፊነት ግን የመሥሪያ ቤትዎ ነው፤ ፖሊሲውም የወጣው ከዚያው ነው።

ስለዚህ ምላሽዎን ሁላችንም በምንሰማው መንገድ እንዲሰጡን በአክብሮት እጠይቃለሁ። በመጪው መስከረም የ«ኦ» ክፍልን የሚረከበው ሰው ለዚያ ሥራ የተመረጠና የሠለጠነ እንዲሆን ከአሁኑ ይዘዙ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የአንደኛ ክፍል መምህርት